ሁለት ሲም፣ ዜሮ ድምጽ

ይህ ጽሑፍ ሲጻፍ ውጤቱ ገና አልታወቀም። ድምጽ መስጫው ባለፈው እሁድ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተዘግቷል፤ አሸናፊው የሚነገረው የፊታችን ቅዳሜ ማታ ነው። በመካከሉ ያለው ሳምንት ስም የለውም። ማትሪክ ተፈትኖ ውጤት የጠበቀ፣ ዲቪ ሞልቶ የጠበቀ ወይም ሽማግሌ ልኮ መልስ የጠበቀ ሰው ግን ምን ዓይነት ሳምንት እንደሆነ ሳንነግረው ያውቀዋል። እህል አይበላበትም ብንል ማጋነን ይሆናል። እኛ እንዲያውም እጥፍ እየበላን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብረን የምንጽፍ አምስት ጓደኛሞች ነን። ሥራችን ለየቅል ነው (አንዱ ሒሳብ ያስተምራል፣ አንዷ ማተሚያ ቤት ትሠራለች፣ አንዱ ባንክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብር ይቆጥራል፤ የሰው ብር!)፣ ሱሳችን ግን አንድ ነው። ከወራት በፊት አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም የአጭር ልቦለድ ውድድር አወጀ። አምስታችንም ላክን። ዳኞቹ ከመጣው ሁሉ አሥር መረጡና ሥራቸውን በዚያው አበቁ። አሥሩ ታሪኮች በየቅዳሜው ሁለት ሁለት እየሆኑ ለአምስት ሳምንት ተተረኩ፤ እሁድ እሁድ ጠዋት ደግሞ በድጋሚ ተላለፉ። ‹‹የቀረው የአድማጭ ፈንታ ነው›› ተባለ። የወደዳችሁትን ታሪክ ቁጥር በጽሑፍ መልእክት ላኩ፤ ከአንድ ስልክ ቁጥር አንድ ድምጽ፤ ጊዜው አሥራ አምስት ቀን።

ከአምስታችን ሁለቱ አሥሩ ውስጥ ገቡ። ሦስት ቁጥር የረጅሙ ጓደኛችን ነው፤ ስምንት ቁጥር የዝምተኛዋ። የቀረነው ሦስታችን በጣም ደስ አለን። (እውነት ደስ አለን። ደስታው ሁለት ቀን ዘግይቶ መጣ እንጂ።)

ለአንደኛው የገንዘብ ሽልማት አለው። የሁሉንም ልብ የሰቀለው ግን ገንዘቡ አይደለም። አንደኛ የወጣው ጸሐፊ የራሱ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል በአዘጋጆቹ ወጪ ይታተምለታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ አገር ጀማሪ ጸሐፊ መጽሐፉን የሚያሳትመው ከኪሱ ነው። ከዘመድ ይበደራል፣ ማተሚያ ቤት ቀብድ ይከፍላል፣ ከዚያ የታተመውን ተሸክሞ ለአከፋፋይ ይለምናል። ወረቀቱ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ የዶላርን ዋጋ ተከትሎ ይወጣል፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ማተሚያ ቤት የምትሠራው ጓደኛችን ዋጋ ስትጠየቅ ‹‹የዛሬውን ነው የነገውን?›› ብላ ነው የምትመልሰው። ረጅሙም ዝምተኛዋም ያለቀለት መድበል በመሳቢያቸው አላቸው። ሁለቱም ላለፉት አራት ዓመታት ‹‹ዘንድሮ ይወጣል›› ሲሉ ከርመዋል። አንደኛ ደግሞ አንድ ሰው ነው።

ዕቁብ ቢሆን ደግ ነበር። ዕቁብ ዛሬ ባይደርስህ በሚቀጥለው ወር ይደርስሃል፤ ቁም ነገሩ ተራህን መጠበቅ ነው። ውድድር እንዲህ ያለ ቸርነት የለውም።

እናላችሁ ቅስቀሳው ተጀመረ። የስልካችንን ማውጫ ከ‹‹ሀ›› እስከ ‹‹ፐ›› አበጠርነው። ለካ ሰው በስልኩ ውስጥ የሚሸከመው ጉድ ብዙ ነው! ‹‹ቧንቧ ሠራተኛ ሁለት››፣ ‹‹ደላላ ጀርባው››፣ ‹‹የሠርጉ ዲጄ››፣ ‹‹እንዳታነሳው››። ‹‹እንዳታነሳው›› ዘንድም ደወልን። አነሳው። ሰውየው የቆየ የሃምሳ ብር ዕዳ አስታውሶን ሲያበቃ ‹‹ለመሆኑ ልቦለድ ማለት ያው ውሸት አይደል?›› አለንና ድምጹን ሰጠን። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ደግሞ መልእክቱን ከፊታችን ላከና ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ‹‹እኔ የዜግነት ግዴታዬን ተወጥቻለሁ፤ ዱቤው መቼ ነው የሚከፈለው?›› ሲል ጠየቀ። ቤይሩት ያለችው የረጅሙ እህት አጭር ቁጥሩ ከውጭ አገር እንደማይሠራ ስትሰማ ‹‹ብር ልላክና ሲም ግዙበት›› አለች። ወንድሟ እምቢ አለ። ሦስት ጊዜ አስቦ ነው እምቢ ያለው፤ ቢሆንም እምቢ አለ።

ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላቸው ልጆች ላያምኑን ይችላሉ እንጂ በዚህ አገር የጽሑፍ መልእክት መላክ የማይቻልበት ጊዜ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት አገልግሎቱ ተቋርጦ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ፣ የሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። ሁለት ዓመት ከምናምን መሆኑ ነው። ያኔ እኛ ልጆች ነበርን፤ ታላላቆቻችን በ‹‹ሚስኮል›› ሲግባቡ እናስታውሳለን። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ ‹‹ደርሻለሁ››፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ‹‹ውጪ››። በምርጫ ሰበብ የተዘጋው መንገድ ዛሬ ራሱ የምርጫ ኮሮጆ ሆኖ ታሪክ ሲያወዳድር ማየት ያስገርማል። ባንክ ቤቱ ጓደኛችን እንደሚለው፣ አገር የምታድገው አንዳንዴ በጎን በኩል ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። እኛ ለማን እንላክ?

ተወዳዳሪ ያልሆንነው ሦስታችን እያንዳንዳችን አንድ ድምጽ አለን፤ ሁለት ጓደኛ አለን። ለሦስት ቁጥር ብንልክ ስምንት ቁጥር ታዝንብናለች፤ ለስምንት ብንልክ ሦስት ቁጥር ያኮርፋል (እሱ ማዘን አይችልበትም)። ለሦስት ቀን ያህል ስልካችንን በጠረጴዛው ላይ በግንባሩ እየደፋን ነበር ማኪያቶ የምንጠጣው። ከዚያ የሒሳብ መምህሩ ብልሃት አመጣ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሁለተኛ የቴሌኮም ድርጅት አገር ውስጥ ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙዎቻችን ሁለት ሲም ይዘናል። በአንዱ ሲም ለሦስት ቁጥር፣ በሌላው ለስምንት ቁጥር! ደንቡ የሚለው ‹‹ከአንድ ስልክ ቁጥር›› ነው እንጂ ‹‹ከአንድ ሰው›› አይልም። ሦስታችንም ከዚያው ከተቀመጥንበት ላክን። ጓደኞቻችን አመሰገኑን። አዲስ ማኪያቶ ታዘዘ።

ማኪያቶው ሳያልቅ ራሱ የሒሳብ መምህሩ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ‹‹ቆይ እስቲ›› አለ፣ ‹‹ለሁለቱም አንድ አንድ ከሰጠን እኮ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ያው ነው። ለማናቸውም አልሰጠንም።›› እውነቱን ነው። ከሌሎቹ ስምንት ታሪኮች በሦስት ድምጽ ከፍ አድርገናቸው ይሆናል፤ ከመካከላቸው ማን ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ግን መልሳችን ዜሮ ሆነ። ሁለት ሲም፣ ዜሮ ድምጽ። ወዳጅነት ማለት አንዳንዴ ብዙ ደክሞ ምንም አለማድረግ መሆኑን ያን ዕለት ተረዳን።

የመምህሩ ሒሳብ በዚህ አላበቃም። ናፕኪን ላይ እየጻፈ አስረዳን። እንበልና ሁለት ሺህ ሰው ድምጽ ሰጠ። አሥር ታሪክ ስላለ እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 200 ይደርሰዋል። እንግዲህ ሌሎቹ ተቀራራቢ ከሆኑ ከ200 ትንሽ ከፍ ያለ ያሸንፋል ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ከመቶ ሰው ዘጠናው የልመረጠው ታሪክ ‹‹በሕዝብ ድምጽ አንደኛ›› ተብሎ ይወጣል። ትልቅ ዕድር ውስጥ ያለ አባት ወይም ባለ ሁለት መቶ ሠራተኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለች እናት ያለው ተወዳዳሪ ብዕሩን ሳያነሳ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ይህን ሰምተን ተናደን ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ አየን። የጥንት አቴናውያን ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት ተውኔት ሲያወዳድሩ አሥር ዳኞች ከአሥሩ ነገዶቻቸው በዕጣ ያወጡ ነበር። ዳኞቹ ድምጻቸውን ከጻፉ በኋላም የሚቆጠረው አምስቱ ብቻ እንደነበር ይነገራል፤ የትኛው አምስት እንደሚሆን ዕጣው ነው የሚያውቀው። ጉቦ ሰጪ ለማን እንደሚሰጥ እንዲቸገር ይመስላል። በዘመናችን ደግሞ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ‹‹ሂዩጎ›› የሚባል የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት አለ፤ አሸናፊውን የሚመርጡት ከፍለው የተመዘገቡ የዓለም አቀፉ ጉባኤ አባላት ናቸው። እዚያ መራጩ አንዱን ታሪክ ብቻ ጠቁሞ አይሄድም፤ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በደረጃ ያስቀምጣል። ‹‹ለማንም አይሰጥ›› የሚል ምርጫም አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. የተደራጁ ቡድኖች የዕጩዎቹን ዝርዝር በራሳቸው ምርጫ ስለሞሉት መራጩ ተቆጥቶ በአጭር ልቦለድ ዘርፍ ‹‹ለማንም አይሰጥ›› አለ። ለማንም አልተሰጠም! የሒሳብ መምህሩ ይህን ሲሰማ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ‹‹በደረጃ ቢሆን ኖሮ›› አለ፣ ‹‹ሁለት ሲም ባላስፈለገን።››

ማተሚያ ቤት የምትሠራዋ ጓደኛችን ግን ከመነሻው የድምጽ ነገር አልጣማትም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲቀበል 29 ዓመቱ ነበር፤ የዚያን ጊዜ አንባቢ በቴክስት ምረጥ ቢባል ከነአካቴው ማንን ይመርጥ ነበር ብላ ትጠይቃለች። ታደሰ ሊበን በ1940ዎቹ መጨረሻ ‹‹መስከረም›› የተባለውን የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ሲያወጣ ‹‹አራት ቁጥርን ምረጡ›› አላለም፤ መጽሐፉ ግን አጭር ልቦለድ በአማርኛ በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል። ለዚህ ባንክ ቤቱ እንዲህ ሲል መለሰላት፦ ‹‹ዳኛም እኮ ዘመድ አለው።›› ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ። አሁንም እዚያው ነው ያለው።

እኛ ግን በዚህ ሁሉ መሀል የአባቶችን ነገር አስታወስን። ቅኔ ሲዘረፍ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ሰሚው ‹‹ይበል!›› ይላል። ‹‹ይበል›› ድምጽ ነው፤ ከድምጽም ድምጽ ነው። ቢሆንም ሰሙን ለይቶ ወርቁን ያላገኘ ሰው ‹‹ይበል›› ቢል ለራሱ ትርጉም የለውም። ‹‹ይበል›› የሚለው ሰው በመጀመሪያ ሰሚ ነው። እኛ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ስልክ ስንደውል የጠየቅነው ‹‹ላክልን›› ብለን ነው። ‹‹ሰማኸው ወይ?›› ብለን የጠየቅነው ሰው ቁጥር በአንድ እጅ ጣት ያልቃል። እንግዲህ ቅዳሜ የሚነገረን ቁጥር ሁለት ነገር የተደመረበት ነው፦ የሚወዱን ሰዎችና ታሪኩን የወደዱ ሰዎች። ሬዲዮው ድምሩን ይነግረናል እንጂ ስንቱ ከየትኛው እንደሆነ አይነግረንም።

ይህን ስንል የዝምተኛዋ አባት ታሪክ ይመጣል። በእሷ ፈቃድ ነው የምንጽፈው።

አባቷ ጡረተኛ ናቸው። ልጃቸው እንደምትጽፍ ያውቃሉ፤ ምን እንደምትጽፍ ጠይቀው አያውቁም። ጽሕፈት ለእሳቸው ማመልከቻ ነው። ውድድር ውስጥ መግባቷን ሲሰሙ ግን ደማቸው ሞቀ፤ ውድድር የሚለው ቃል ነው ያሞቃቸው። ‹‹ስንት ሰው ያስፈልግሻል?›› አሏት። ‹‹አባዬ፣ ብዙ›› አለች። በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት የዕድራቸው ወርኃዊ ስብሰባ ነበር፤ በዚያው ሰዓት ስምንት ቁጥር በድጋሚ ይተላለፋል። አባት ሬዲዮናቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ሄዱ። መዋጮው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ የድንኳኑ ኪራይ አጀንዳ ከመነሳቱ በፊት፣ ሊቀ መንበሩን አሥራ አምስት ደቂቃ ለመኗቸው። ‹‹የልጄ ድርሰት በሬዲዮ ይነበባል፤ ሰምታችሁ ፍረዱ›› አሉ። ስልሳ የሚሆን ሰው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ጸጥ ብሎ ሰማ።

የዝምተኛዋ ታሪክ ሚስቱ ከሞተች በኋላ የልብስ ስፌት መኪናዋን ስለሚሸጥ ሰው ነው። ገዢው መኪናውን ይዞ ከሄደ በኋላ ሰውየው መርፌው ሥር ተሰክቶ የነበረ ቁራጭ ጨርቅ መሬት ላይ ያገኛል። እስከ መጨረሻው ሳይሰፋ የቀረ የልጅ ቀሚስ ኪስ። ታሪኩ በዚያ ያልቃል። ይኸው ነው።

ተረኩ ሲያልቅ አዳራሹ ውስጥ ምን እንደተባለ የነገሯት ሌሎች ናቸው። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ አንድ ሽማግሌ ‹‹ቁጥሩ ስንት ነው የተባለው?›› ብለው የልጅ ልጃቸውን ስልክ ተቀበሉ (ልጁ ‹‹8›› በማለት ፈንታ ‹‹88›› ብሎ ላከ ይባላል፤ ቆጣሪዎቹ ይዘኑለት)። አባትየው ግን ድምጽ ማሰባሰቡን ትተውት ሬዲዮናቸውን ዘግተው ወደ ቤት ገቡ። ያን ዕለት ምንም አላሉም። ማክሰኞ ማታ ራት ላይ እንጀራ እየቆረሱ፣ ቀና ሳይሉ፦

‹‹መኪናውን በስንት ሸጠው ነው ያልሽው?››

‹‹በስድስት መቶ ብር፣ አባዬ።››

‹‹በስምንት መቶ ነው የሸጥኩት›› አሉ።

ሌላ አልተናገሩም። እሷም አልተናገረችም። መኪናው ሲሸጥ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዋጋውን አታውቀውም ነበር፤ ስድስት መቶ ያለችው ለአረፍተ ነገሩ ስለተመቻት ነው። ይህን ስትነግረን ከአምስታችን አንዳችንም ለመቀለድ አልደፈርንም፤ እኛ ደግሞ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ቀልድ የማያጣን ሰዎች ነን። አባቷ ድምጽ ላኩ አልላኩ እስከ ዛሬ አልጠየቀቻቸውም። ልጃቸውን ስለሚወዱ ቢልኩ አንድ ነው፤ ታሪኩን ስለወደዱ ቢልኩም አንድ ነው። ሁለት መቶ ብር ያረሙት ግን ሰምተው ነው። ይህኛው በየትኛውም አጭር ቁጥር አይላክም።

ረጅሙ ጓደኛችን ይህን ከሰማ በኋላ ለሁለት ቀን ቅስቀሳ አቆመ። በሦስተኛው ቀን ቀጠለ። ሰው ነውና።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ሳንጽፍ ብናልፍ የሚያሳፍር ነው። ስድስት ቁጥር።

ስድስት ቁጥርን የጻፈው ወይም የጻፈችው ማን እንደሆነ አናውቅም። ሬዲዮው የጠራው የብዕር ስም ነው፤ የተላከውም ከአዲስ አበባ ውጭ ነው ተብሏል። ታሪኩ ስለ አንድ የኮንዶሚኒየም ዘበኛ ነው። ዘበኛው ማታ ማታ የሚገባና የሚወጣውን መኪና ታርጋ በደብተር ይመዘግባል። ማንም አንብቦት የማያውቅ ደብተር ነው። አንድ ሌሊት አንዱ መኪና ወጥቶ አይመለስም፤ በማግስቱም፣ በሳልስቱም። ይህን ያስተዋለ በሕንጻው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ሰው የለም። የማን በር ላይ ሄዶ ምን ብሎ እንደሚናገር ሲያስብ፣ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ታሪኩ ያልቃል። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበን ስንሰማው ማንም አልተናገረም። ሲያልቅ ረጅሙ ተነስቶ ሲጋራ ፍለጋ ወጣ። ሲጋራ አያጨስም።

እናውቃለን። አምስታችንም እናውቃለን። ስድስት ቁጥር ከሦስትም ከስምንትም ይበልጣል። ብዙ አይበልጥም ብለን እርስ በርስ ልንጽናና ሞክረናል፤ ግን ይበልጣል። በአሥራ አምስቱ ቀን ውስጥ ‹‹ስድስት ቁጥርን ምረጡ›› ብሎ የደወለልን ሰው የለም። ዕድርም የለውም መሰለን፣ ቤይሩት ያለች እህትም። ያለው ደብተር የያዘ ዘበኛ ብቻ ነው።

ከአምስታችን አንዱ መዝጊያው ዕለት ለስድስት ቁጥር ድምጽ ልኳል። በምን ሲም እንደላከ አትጠይቁን፤ የእናቱ ስልክ ሊሆን ይችላል። ማን እንደሆነም አንናገርም። ‹‹እኛ›› እያሉ መጻፍ ለእንዲህ ያለው ቀን ይጠቅማል።

የጥበቃው ሳምንት ታዲያ እንዲህ እያለፈ ነው። ሰኞ አንድ ‹‹ውስጥ አዋቂ›› ነኝ የሚል ሰው ሦስት ቁጥር እየመራ ነው ብሎ ረጅሙን ምሳ አስከፈለው። ማክሰኞ ሌላ ውስጥ አዋቂ አንድ ቁጥር ነው አለ፤ ለእሱ ቡና ብቻ ተከፈለለት። ረቡዕ ስምንት ቁጥር ወደ ሥራ ስትሄድ የተሳፈረችበት ታክሲ ታርጋው በስምንት እንደሚያልቅ አይታ፣ በዕድል እንደማታምን እየነገረችን ፎቶውን አሳየችን። የሒሳብ መምህሩ ተማሪዎቹን ስለ ድምጽ አሰጣጥ የሚጠይቅ የቤት ሥራ ሰጥቷል፤ ሠላሳ አምስት ልጅ የእኛን ጭንቀት በነጻ እያሰላ ነው። ባንክ ቤቱ እንደ ወትሮው የሰው ብር ይቆጥራል።

ተወዳዳሪዎቹ ሁለቱ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ትንሽ ተራርቀው ነበር። ጠብ የለም፤ አንዱ ሲመጣ ሌላዋ ‹‹ቀጠሮ አለኝ›› ማለት አብዝታ ነበር እንጂ። ድምጽ መስጫው ከተዘጋ ወዲህ ግን ቀጠሮው ሁሉ ጠፋ። ትናንት ጎን ለጎን ተቀምጠው የአንዳቸውን መድበል ሌላው ሲያርም አገኘናቸው። እሱ የእሷን አራት ነጥቦች እየቀነሰ፣ እሷ የእሱን ቅጽሎች እየሰረዘች። ከእንግዲህ የሚለመን ሰው የለም፤ የቀረው ያው ጽሑፉ ነው።

ከወዲሁ የተስማማንባቸው ነገሮች አሉ። ሦስት ወይም ስምንት ቁጥር ካሸነፈ መጽሐፉ ሲታተም የሌላውም ተወዳዳሪ አንድ ታሪክ አብሮ እንዲገባ አዘጋጆቹን እንጠይቃለን። እምቢ ካሉ አምስታችን በየወሩ የምናዋጣው ዕቁብ እንጀምራለን፤ የመጀመሪያው ዕጣ ለተረፈው መድበል ይሁን ብለናል። (ማተሚያ ቤት ያለችው ጓደኛችን የዛሬውን ዋጋ ይዛልናለች፤ የነገውን እግዚአብሔር ያውቃል።) ስድስት ቁጥር ካሸነፈ ደግሞ ቅዳሜ ማታውኑ ለሬዲዮ ጣቢያው ደውለን ‹‹ይበል›› እንላለን። ከሁለቱም ውጭ የሆነ ሌላ ቁጥር ካሸነፈ... እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ እንበሳጫለን፣ ቀጥሎ የዕድሩን ስፋት እናጣራለን፣ በመጨረሻ ታሪኩን እንደገና እንሰማዋለን።

ለስድስት ቁጥር ግን ያሸንፍም አያሸንፍም ደብዳቤ እንጽፋለን። በአዘጋጆቹ በኩል ይደርሰዋል ብለን እናስባለን። ምን እንደምንል ገና አልጨረስንም፤ ዝምተኛዋ የጀመረችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ‹‹ደብተሩን አንብበነዋል።››

ውጤቱ ቅዳሜ ማታ ከሁለት ሰዓት ዜና በኋላ ነው። እናንተም ብትሰሙት ደስ ይለናል። መምረጫው ተዘግቷል፣ ማንንም አንለምንም፤ መስማት ግን ዛሬም ነጻ ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።